የሚጽፍና የሚመረምር
መኪና የጻፈው ፕሮግራም በኮምፓይለር ስለ መመርመሩ አጭር ታሪክ

ሰው በጻፈው ነገር ሁሉ ስሕተት አይታጣም። አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ የብራና መጽሐፍ ተጽፎ ሲያልቅ ከቀደመው ቅጂ ጋር እያመሳከሩ ያርሙት ነበር። ዛሬም በብዙ የጥንት የብራና መጻሕፍት ላይ፥ በመሥመርና በመሥመር መካከል ወይም በገጹ ኅዳግ፥ የአራሚው እጅ በጥቃቅን ፊደል ገብቶ ይታያል። በዘመናችን ግን የሚጽፈው ሰው ብቻ መሆኑ ቀርቶ መኪናም መጻፍ ጀምሯል። የሚጽፈውም ደብዳቤና ድርሰት ብቻ ሳይሆን ሌላውን መኪና የሚያዝዝ ፕሮግራም ጭምር ነው። እንግዲህ መኪና የጻፈውን የሚያርመው ማን ነው? ይህን ጥያቄ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት መርጠን፥ መልሱን ከታሪክ ለመፈለግ ሞክረናል። በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ለይተን ካልተናገርን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማንበብ የማይችል አታሚ

ጥያቄው አዲስ ቢመስልም ሥሩ የቆየ ነው። በ1513 ዓ.ም. ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል ሮማ ከተማ ላይ አሳተመ። በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ከ35 ዓመት በኋላ ደግሞ በ1548 ዓ.ም. አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ፥ በዚያው በሮማ በቅዱስ እስጢፋኖስ የሐበሾች ገዳም ተቀምጠው፥ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም ጀመሩ።

አባ ተስፋ ጽዮን የገጠማቸው ችግር ለጽሑፋችን መነሻ ሆኖናል። ፊደሉን እየለቀሙ የሚደረድሩት የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ አይችሉም ነበር። ግዕዝ የሚያውቁት መነኰሳት ደግሞ የማተምን ሥራ አያውቁም። አባ ተስፋ ጽዮንም በመጽሐፉ ውስጥ ይህንኑ ገልጠው ስለ ተገኘው ስሕተት አንባቢውን ይቅርታ ጠይቀዋል። እጁ ፈጣንና የሠለጠነ ሆኖ የሚደረድረውን ቃል ትርጕም የማያውቅ ጸሓፊ ያን ጊዜም ነበረ ማለት ነው። መድኃኒቱም ሠራተኛውን ማባረር አልነበረም። መድኃኒቱ ቋንቋውን የሚያውቅ መርማሪ በአጠገቡ ማቆም ነው።

በአገራችን የቅኔ ትምህርት ቤትም ይህ ሥርዐት ይገኛል። ተማሪው ቅኔውን ቈጥሮ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ቃሉ በአገባብ የተስማማ መሆኑንና ቤቱ መምታቱን ያደምጣል። አገባቡ የተበላሸ ከሆነ ምስጢሩ ምንም ቢያምር ይመለሳል። አገባቡ ቀንቶ ምስጢር የሌለው ከሆነም አይመሰገንም። ስለዚህ ምርመራው ሁለት ነው፤ አንዱ የአገባብ፥ ሁለተኛው የምስጢር። አንባቢ ይህን ልዩነት በልቡ ይያዝልን፤ የኮምፓይለርም ነገር የሚፈታው በዚሁ ነው።

ኮምፓይለር የተጠረጠረበት ዘመን

ኮምፓይለር ማለት ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ የተጻፈውን ፕሮግራም ተቀብሎ ኮምፒዩተሩ ወደሚፈጽመው የቍጥር ቋንቋ የሚተረጕም፥ ራሱም ፕሮግራም የሆነ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ሲሠሩ እንዲህ ያለ አስተርጓሚ አልነበረም። ሊቃውንቱ እያንዳንዱን ትእዛዝ በቍጥር እየለወጡ በእጃቸው ይጽፉ ነበር። አንድ ቍጥር ከተዛነፈ ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

በ1952 ዓ.ም. በአሜሪካ ግሬስ ሆፐር የተባለች የሒሳብ ሊቅ ዩኒቫክ ለተባለው ኮምፒዩተር ኤ ዜሮ የተባለ ፕሮግራም አዘጋጀች። ይህ ፕሮግራም አስቀድመው የተጻፉ ክፍሎችን እየሰበሰበ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ያደርግ ስለ ነበር ኮምፓይለር ብላ ጠራችው፤ ትርጕሙም ሰብሳቢ፥ አጠናቃሪ ማለት ነው። ቀጥሎም በ1957 ዓ.ም. በጆን ባከስ የሚመራ የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ቡድን ፎርትራን የተባለውን ቋንቋ ከነኮምፓይለሩ አወጣ። ያ ኮምፓይለር አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው 18 ዓመት የሚፈጅ ድካም እንደ ወሰደ ይነገራል።

አሁን ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። በዚያ ዘመን የኮምፓይለር ሥራ «አውቶማቲክ ፕሮግራሚንግ» ይባል ነበር፤ ይኸውም መኪና ራሱ ፕሮግራም ይጽፋል ማለት ነው። በእጃቸው መጻፍ የለመዱት ባለሙያዎችም አላመኑትም። መኪና የሚጽፈው ፕሮግራም እንደ ሰው እጅ ሥራ ፈጣንና የተስተካከለ ሊሆን አይችልም ብለው ተጠራጠሩ። የባከስ ቡድን ይህን ጥርጣሬ ስለሚያውቅ ከሁሉ ይልቅ የደከመው ኮምፓይለሩ የሚያወጣው ትእዛዝ በፍጥነቱ ከሰው እጅ ሥራ ጋር እንዲወዳደር ለማድረግ ነበር። ውጤቱ ታየ፥ ተመዘነ፥ ከዚያ በኋላ ታመነ። እንግዲህ ዛሬ እንደ ዳኛ ተቀምጦ የምናየው ኮምፓይለር ትናንት ራሱ በተጠርጣሪ ወንበር ላይ ቆሞ ነበር። እምነት ያገኘው በመመርመሩ ነው።

ዳኛው ለፕሮግራምም መልስ መስጠት ጀመረ

ኮምፓይለር ትርጕም ብቻ አይሠራም። ለመተርጐም አስቀድሞ ማንበብና መረዳት ስለሚያስፈልገው የተሳሳተውን ይለያል። የተከፈተ ቅንፍ ሳይዘጋ ቢቀር፥ ያልተነገረ ስም ቢጠራ፥ ቍጥር በሚገባበት ቦታ ቃል ቢገባ፥ በስንተኛው መሥመር ምን ዐይነት ስሕተት እንዳለ ያመለክታል። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት ይህን መልስ የሚቀበለው ሰው ብቻ ነበር። ፕሮግራም ጸሓፊው ሥራውን ለኮምፓይለር ያቀርባል፤ ኮምፓይለሩም የስሕተቱን ዝርዝር በወረቀት ወይም በመስኮት ያሳየዋል፤ ሰውየው አንብቦ ያርማል።

በኋላ ግን አንድ ፕሮግራም ራሱ ኮምፓይለሩን ጠርቶ ፍርዱን እንዲቀበል መንገድ ተከፈተ። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው ስድስተኛው የጃቫ እትም ከዚህ የሚቈጠር ነው። በዚያ እትም አንድ የጃቫ ፕሮግራም ሌላ የፕሮግራም ጽሑፍ ለኮምፓይለሩ አቅርቦ፥ የስሕተቱን ዝርዝር በመሥመር ቍጥሩና በዐይነቱ ተለይቶ ለመቀበል የሚያስችለው ሥርዐት ተሰጠው። በሲ ቋንቋ ወገን ኤል ኤል ቪ ኤም የተባለው ሥራ፥ በ2000 ዓ.ም. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ፥ ኮምፓይለሩን ሌሎች ፕሮግራሞች በየክፍሉ ሊጠቀሙበት በሚችሉበት አኳኋን አዘጋጀው። ማይክሮሶፍትም ሮዝሊን የተባለውን የሲ ሻርፕ ኮምፓይለር በ2014 ዓ.ም. ለሁሉ ክፍት አደረገ። የፓይተን ቋንቋ ደግሞ ጽሑፍን ወስዶ አገባቡን የሚመረምር ትእዛዝ በውስጡ አለው።

ይህ የተደረገው በመጀመሪያ ለፕሮግራም ጸሓፊዎች ምቾት ነበር፤ ሰው ሲጽፍ ስሕተቱ ወዲያው ከሥሩ በቀይ መሥመር እንዲታየው ነው። ነገር ግን በሩ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ያልታሰበ እንግዳ ገባበት።

አዲሱ ጸሓፊ

በ2021 ዓ.ም. ጊትሃብ ኮፓይለት የተባለው፥ በ2022 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ ቻት ጂ ፒ ቲ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተዋይ ለሕዝብ ቀረቡ። እነዚህ መሣሪያዎች እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተምረው፥ ከተነገራቸው ቃል ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባውን እየገመቱ ይጽፋሉ። ፕሮግራም ጻፍ ቢሉአቸው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ያማረ ጽሑፍ ያወጣሉ። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ በዓለም ላይ የሌለ ትእዛዝ በስሙ ይጠራሉ፤ የማያውቁትንም ልክ እንደሚያውቁት አድርገው በድፍረት ይጽፋሉ። አባ ተስፋ ጽዮን ያዩት ፈጣን እጅ ተመልሶ መጣ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ስለዚህ ባለሙያዎች ጸሓፊውን መኪና ከመርማሪው መኪና ጋር አገናኙት። አሠራሩም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አዲሱ ጸሓፊ የጻፈው ፕሮግራም ሥራ ላይ ሳይውል ለኮምፓይለር ይቀርባል። ኮምፓይለሩ ስሕተት ካላገኘ ወደሚቀጥለው ፈተና ያልፋል። ስሕተት ካገኘ ግን የመሥመሩ ቍጥርና የስሕተቱ ዐይነት ለጸሓፊው ተመልሶ ይሰጠዋል፤ ጸሓፊውም አርሞ ደግሞ ያቀርባል። ይህ ምልልስ ያለ ልክ እንዳይረዝም ቍጥሩ አስቀድሞ ይወሰናል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ፋይልና ሌላ ዕቃ ሊያበላሽ በማይችልበት በተዘጋ ስፍራ ውስጥ እንዲሠራ ይደረግና፥ መልሳቸው አስቀድሞ በታወቀ ጥያቄዎች ይፈተናል።

መርማሪ መኖሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ2021 ዓ.ም. ኦፕን ኤ አይ የተባለው ድርጅት ኮዴክስ የተባለውን ጸሓፊ በ164 የፕሮግራም ጥያቄዎች ፈተነው። ጸሓፊው ለየጥያቄው አንድ መልስ ብቻ ሲሰጥ በትክክል የመለሰው ከመቶው 28.8 ነበር። ለየጥያቄው 100 መልስ እንዲጽፍ ተፈቅዶለት ከመካከላቸው አንዱ ፈተናውን ካለፈ እንዲቈጠርለት በተደረገ ጊዜ ግን ከመቶው 70.2 ሆነ። ጸሓፊው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ብዙ መልስ እንዲጽፍ መፈቀዱና ፍሬውን ከገለባው የሚለይ ፈታኝ በበሩ መቆሙ ነው።

አንባቢ ምናልባት «ጸሓፊው መኪና ራሱን ለምን አይመረምርም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አባቶቻችን «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላሉ። የጻፈውን ራሱ እንዲፈርድበት ብንተወው፥ በተሳሳተበት መንገድ ተመልሶ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል። ኮምፓይለር ግን የሚሠራው በግምት ሳይሆን በተወሰነ ሕግ ስለ ሆነ፥ ያንኑ ጽሑፍ ዛሬም ነገም ቢያቀርቡለት ፍርዱ አንድ ነው። አይታክትም፤ አያዳላም፤ በአማረ ቃል አይታለልም።

ዳኛውም ቢሆን ከምርመራ ውጭ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲስሚዝ የተባለ፥ የሲ ፕሮግራሞችን በዕጣ እየፈጠረ የሚጽፍ መኪና አዘጋጅተው ኮምፓይለሮችን ፈተኑባቸው። አንዱን ፕሮግራም ለልዩ ልዩ ኮምፓይለሮች ሰጥተው መልሳቸው ሲለያይ ስሕተቱን ይከታተሉ ነበር። በዚህም መንገድ ከ325 የሚበልጡ፥ አስቀድሞ ያልታወቁ ስሕተቶች ተገኙ።

አገባቡ የቀና፥ ምስጢሩ የጠፋ

አሁን ከቅኔው ቤት ወደ ያዝነው ነገር እንመለስ። ኮምፓይለር የሚመረምረው አገባብን ነው፤ ምስጢርን አይደለም። ይህን ለመረዳት ከአገራችን ዘመን አቆጣጠር ምሳሌ እንውሰድ።

አንድ ሰው ለመኪናው «ጳጕሜን በዚህ ዓመት ስንት ቀን እንደምትሆን የሚናገር ፕሮግራም ጻፍ» ብሎ ቢያዝዘው፥ መኪናው የተማረው አብዛኛው ጽሑፍ የአውሮፓውያንን አቆጣጠር የሚከተል ስለ ሆነ «ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ምንም ካልተረፈ 6፥ ከተረፈ 5» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይህ ፕሮግራም ቅንፉ የተዘጋ፥ ስሞቹ የታወቁ፥ ቍጥሩም በቍጥር ቦታ የገባ ነው። ኮምፓይለር ያለ አንዳች ወቀሳ ያሳልፈዋል። ነገር ግን ሐሰት ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጕሜን 6 ቀን የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፥ ይኸውም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነበረና ጳጕሜን 6 ቀን ሆነች። 2016 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነበረና 5 ቀን ብቻ ነበረች። ያ የተሳሳተ ፕሮግራም ለ2015 አምስት፥ ለ2016 ስድስት ብሎ ይመልሳል።

ይህን ስሕተት የሚያገኘው ማን ነው? ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ፥ ወይም ቢያንስ ያለፈውን ዓመት ጳጕሜን ቈጥሮ የሚያስታውስ ሰው ነው። እርሱ «2015 ስድስት፥ 2016 አምስት» ብሎ ሁለት የፈተና ጥያቄ ቢጽፍ፥ መኪናው ያንን ፈተና ካላለፈ ይያዛል። ስለዚህ የፈተናው ጥያቄ ከአገሩ ዕውቀት መምጣት አለበት። የፈተናውንም ጥያቄ ያው ጸሓፊ መኪና እንዲጽፈው ብንተወው በአንድ ስሕተት ሁለት ጊዜ እንታለላለን።

ሌላም ተንኰል የሚመስል ነገር አለ። ጸሓፊው መኪና «ኮምፓይለሩን አስደስት» ተብሎ ብቻ ከታዘዘ፥ ስሕተት የተገኘበትን ክፍል ማረም ትቶ ጨርሶ ሊሰርዘው ይችላል። የተሰረዘ ነገር ስሕተት የለውምና ኮምፓይለሩ ያሳልፈዋል። ልክ በፈተና ጊዜ የከበደውን ጥያቄ ቀድዶ ጥሎ «አልተሳሳትሁም» እንደሚል ተማሪ ነው።

በቢሾፍቱ አጠገብ የሆነው

ይህ ሁሉ የትምህርት ቤት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምናልፍባትን ቢሾፍቱን እናስታውሰዋለን። በ2019 ዓ.ም. መጋቢት 1 ቀን፥ በአውሮፓውያን ወር ማርች 10፥ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን፥ በረራ ቍጥር 302፥ ከተነሣ ከስድስት ደቂቃ ያህል በኋላ በቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች ሁሉ ዐለቁ። ከአምስት ወር ያህል አስቀድሞ በኢንዶኔዥያ ያንኑ ዐይነት አውሮፕላን በደረሰበት አደጋ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

በአውሮፕላኑ ውስጥ ኤምካስ የሚባል ራሱን የሚያዝዝ ሥርዐት ነበረ። ሥራውም የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ቀና ሲል ወደ ታች መመለስ ነው። ሥርዐቱ ግን የሚያምነው ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ብቻ የሚመጣውን ልክ ነበር። ያ ጠቋሚ የተሳሳተ ልክ በላከ ጊዜ፥ ሥርዐቱ ደኅና የሚበረውን አውሮፕላን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ መሬት ገፋው። ፕሮግራሙ እንደ ታዘዘው አደረገ። የጐደለው የፊደልና የቅንፍ ነገር አልነበረም፤ የጐደለው «ይህ ጠቋሚ ቢዋሽስ?» ብሎ የሚጠይቅ ምርመራ ነው። ከአደጋው በኋላ ሥርዐቱ ሲታረም የሁለት ጠቋሚዎችን ልክ እያስተያየ እንዲሠራ ተደርጓል። አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚሉት ይህንን ነው።

ይህን ያነሣነው የሞቱትን በመታሰቢያ አክብረን እንጂ ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ፕሮግራም የሰው ሕይወት የሚሸከም ነገር መሆኑን፥ አገባቡ የቀና ትእዛዝም ሰው ሊገድል መቻሉን የሚያስረዳ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ ስለሌለን ነው።

ለእኛ የተረፈው ሥራ

ከተማችን አዳማ ለዚህ ነገር ሩቅ አይደለችም። በ1993 ዓ.ም. የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተቋቋመው ትምህርት ቤት በ2006 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የኮምፒዩተርን ትምህርት ያስተምራል። በ2024 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮምፒዩተር ሙያ ለማስተማር የታሰበው የኮደሮች ትምህርት ተጀምሯል። ከእኛም መካከል ብዙዎች ወደዚህ ትምህርት እያየን ነው። አንዳንድ ሰው ግን «መኪናው ከጻፈ እናንተ ምን ልትሠሩ ትማራላችሁ?» እያለ ይጠይቀናል።

ከታሪኩ ያገኘነው መልስ ይህ ነው። በ1548 ዓ.ም. የሮማ ማተሚያ መኪና የአባ ተስፋ ጽዮንን ዕውቀት አላስቀረም፤ ይልቁንም አስፈላጊነቱን አበዛው። በ1957 ዓ.ም. የፎርትራን ኮምፓይለር ፕሮግራም ጸሓፊውን ሥራ አላስፈታውም፤ ከቍጥር መልቀም አውጥቶ ወደ ማሰብ አሻገረው። ዛሬም አዲሱ ጸሓፊ ሲመጣ የመጻፉ ድካም ይቀንሳል፤ የመመርመሩ ኀላፊነት ግን ይበዛል። የአገባቡን ምርመራ ለኮምፓይለር እንሰጠዋለን፤ እርሱ ከእኛ ይልቅ ንቁ ነውና። የምስጢሩ ምርመራ ግን የእኛ ነው። ጳጕሜን የሚያውቅ፥ የአገሩን የእርሻ ወራትና የገበያ ልክ የሚያውቅ፥ በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈውን ስም ሳያዛባ የሚያነብ ሰው ካልመረመረው፥ ኮምፓይለሩ ያሳለፈው ፕሮግራም ለእኛ አገር የቀና ሐሰት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ በሚቀጥሉት ክፍሎች ያላችሁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ኮምፒዩተርን ስትማሩ ሒሳብን፥ ታሪክንና ቋንቋን አትናቁ። የፈተና ጥያቄ የሚወጣው ከእነርሱ ነው። መኪናው በጻፈላችሁ ጊዜ ኮምፓይለሩን ጥሩት፤ ኮምፓይለሩ «ስሕተት የለም» ባላችሁ ጊዜ ደግሞ ብዕራችሁን አንሥታችሁ የራሳችሁን ምርመራ ጀምሩ። የትምህርት ቤታችንን በዓል ለሚመጡት ዓመታት ሁሉ እግዚአብሔር በሰላም ያድርሰን።